የጉልበት ልም አጥንት በኮንትራስት ኤምአርአይ ሲመረመር፦ ከጅማ ተነስቼ ያለፍኩበት

ለጉልበት ሕመም ኤምአርአይ «ከኮንትራስት ጋር»፣ ማለትም ምስሉን ከሚያጎላ የሚወጋ ፈሳሽ ጋር፣ ተብሎ ለታዘዘላችሁ፣ በተለይም ከጅማና ከአካባቢዋ ተነስታችሁ ለምርመራው ረጅም መንገድ ለምትጓዙ፣ እኔ ያለፍኩበትን በዝርዝር ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት መረብ ኳስ ስጫወት የቀኝ ጉልበቴ ሜኒስከስ (በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ንጣፍ) ተቀድዶ አዲስ አበባ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ተሰፍቶልኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ ደህና ከሆንኩ በኋላ ሕመሙ ሲመለስብኝ ሐኪሜ በኮንትራስት የሚደረግ ኤምአርአይ አዘዙልኝ። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈው በራሴ ላይ የሆነውን፣ ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትንና የማስተምረው ትምህርት እንድገነዘበው የረዳኝን ነው።

አስቀድሜ ዋናውን ነገር ልናገር። ብዙ ሰው ኮንትራስት ያለው ኤምአርአይ ከተራው የበለጠ የጠራ፣ ስለዚህም ሁልጊዜ የተሻለ ምርመራ ይመስለዋል። ለጉልበት ግን እንደዚያ አይደለም። የልም አጥንት (የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን) መሳሳትና መቦርቦር፣ የሜኒስከስ መቀደድ፣ የጅማት መበጠስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም መርፌ ሳይወጉ በተራው ኤምአርአይ ይታያሉ። ኮንትራስት የሚጨመረው ተራው ምስል ሊመልሰው ያልቻለ አንድ የተለየ ጥያቄ ሲኖር ነው፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ ያዘዘላችሁን ሐኪም መጠየቅ ደግሞ ድፍረት አይደለም። አንድ ባልደረባዬ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞሮበት በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ኮንትራስት ተጽፎለት ነበር። «ኮንትራስቱ ምን ያሳየናል?» ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ አሰብ አደረጉና ሰረዙት፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱም በተራው ምርመራ በግልጽ ታየ፤ ባልደረባዬም ከመርፌውም ከተጨማሪው ወጪም ተረፈ። በእኔ ጉዳይ ግን ኮንትራስቱ ያስፈልግ ነበር።

የእኔ ሕመም የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ተማሪዎች ይዘን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በወጣንበት ጊዜ ያስቸገረኝ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወርድ፣ ለስግደት ስንበረከክ፣ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ስቆይ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር የሚቆረቁር ሕመም ይሰማኝ ጀመር። አልፎ አልፎ ውስጡ የሆነ ነገር ቀጭ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካስተማርኩ ደግሞ ማታ ያብጣል። እዚሁ ጅማ ራጅ ተነሳሁና አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩ። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ልም አጥንትን አያሳይም፤ ልም አጥንቱ ክፉኛ ሲያልቅ በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ብቻ በራጅ ይታወቃል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ልም አጥንቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ወደ ወጌሻ የሚሄዱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ወጌሻን ለማንቋሸሽ ሳይሆን፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ያልታወቀን ያበጠ መገጣጠሚያ ማሳሸት ደግ አይደለም ለማለት ነው።

ልም አጥንት፣ ሐኪሞቹ ካርትሌጅ የሚሉት፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብስ ለስላሳና የሚያንሸራትት ሽፋን ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፤ የቀረው በዋናነት ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክርና በክሮቹ መካከል የተያዙ ፕሮቲዮግላይካን የተባሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። በሰውነታችን ካሉት የመገጣጠሚያ ልም አጥንቶች ሁሉ ወፍራሙ በጉልበት ሎሚ ጀርባ ያለው ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ነርቭ ስለሌለው ጉዳቱ ሲጀምር አያምም፤ የደም ሥር ስለሌለውም ከተጎዳ በኋላ እንደ ቆዳ ራሱን አይጠግንም። ምግቡን የሚያገኘው በዋናነት በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ያዙልኝ፤ ኮንትራስቱ ወደ ልም አጥንቱ የሚደርሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የተነሳሁት ተራውን ኤምአርአይ ነበር። ውጤቱ ሁለት ጥርጣሬዎች ይዞ መጣ። አንደኛው፣ በተሰፋው ሜኒስከስ ውስጥ እስከ ገጹ የሚደርስ ነጭ መስመር መታየቱ ነው። ቀዶ ሕክምና ባልነካው ጉልበት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ሲታይ ሜኒስከሱ ተቀድዷል ይባላል፤ በተሰፋ ሜኒስከስ ላይ ግን የዳነው ጠባሳም ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ አዲስ መቀደድ ይሁን የቆየ ጠባሳ በተራው ምስል መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ በጉልበት ሎሚው ጀርባ ያለው ልም አጥንት መጎዳቱ ቢታይም የተጎዳው ክፍል ከሥሩ ተላቅቆ የተንጠለጠለ መሆን አለመሆኑ አለመታወቁ ነው። ለሐኪሜ ይህ ልዩነት ትልቅ ነበር። ስፌቱ እንደገና ተቀድዶ ከሆነ ወይም የተላቀቀ ቁራጭ ካለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ ሁለቱም ከሌሉ ግን ፊዚዮቴራፒ ይበቃል። ኮንትራስቱ እንዲመልስ የተጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

ኮንትራስት የሚሰጥበት መንገድ ከአንድ በላይ እንደሆነ ያወቅኩት ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል «በደም ሥር ነው ወይስ በመገጣጠሚያ?» ተብዬ ስጠየቅ ነው። በመገጣጠሚያ የሚባለው፣ ቆዳው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ መርፌ ወደ ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት በጣም የቀጠነ ውህድ የሚሞላበት ነው። ፈሳሹ መገጣጠሚያውን ወጥሮ ስለሚከፍተው ስንጥቅ ካለ ሰርጎ ይገባበታል፤ እናቶቻችን ጀበና ሲገዙ ውሃ ሞልተው የሚያፈስበትን ቦታ እንደሚፈልጉት ዓይነት ነው። ጥቃቅን ስንጥቆችን አጉልቶ በማሳየት ይህ መንገድ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል፤ በጣም አልፎ አልፎም ቢሆን መገጣጠሚያው ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል፤ ለአንድ ሁለት ቀንም ጉልበቱ የመወጠርና የመክበድ ስሜት ይኖረዋል። በደም ሥር የሚባለው ደግሞ ኮንትራስቱ በክንድ ተወግቶ፣ ታካሚው ጥቂት ከተራመደና ከቆየ በኋላ ምስሉ የሚነሳበት ነው። የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ኮንትራስቱ ከዚያ እየሰረገ ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ይገባል፤ ጉልበቱ ሲንቀሳቀስም መስረጉ ይፈጥናል። ለእኔ የተመረጠልኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ለኬሚስትሪ መምህር ግን ከሁሉም በላይ የሚማርክ ሌላ ዘዴ አለ፤ ዲጀምሪክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ዲቦራ በርስታይን፣ ማርታ ግሬይና አዲል ባሺር ያዳበሩት ነው። ቅድም የጠቀስኳቸው ፕሮቲዮግላይካኖች ግላይኮዝአሚኖግላይካን የተባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ተሸክመዋል፤ በእነዚህ ሰንሰለቶች ላይ ያሉት የሰልፌትና የካርቦክሲል ክፍሎች ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ አላቸው። ልም አጥንት ውሃ ስቦ የሚይዘውና የሰውነታችንን ክብደት ሳይደቅቅ የሚሸከመው በአብዛኛው በእነዚህ ቻርጆች ምክንያት ነው። መገጣጠሚያ መበላሸት ሲጀምር፣ የልም አጥንቱ ውፍረት ገና ሳይቀንስ፣ ቀድመው ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ እነዚህ ሰንሰለቶች ናቸው። የተለመደው ኤምአርአይ ቅርጽን በደንብ ያሳያል፤ ይህን የኬሚካል ጉድለት ግን በቀጥታ አይለካም።

ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ጋዶፔንቴቴት የተባለው ውህድ ሁለት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ተመሳሳይ ቻርጆች ስለሚገፋፉ ሰንሰለቶቹ ሙሉ በሆኑበት ጤነኛ ልም አጥንት ውስጥ ውህዱ የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ ሰንሰለቶቹ በሳሱበት ቦታ ግን በብዛት ይገባል። ጋዶሊኒየም ደግሞ በአጠገቡ ያሉት የውሃ ሃይድሮጅኖች በሬዲዮ ሞገድ ከተነቃነቁ በኋላ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው የሚመለሱበትን ጊዜ ያሳጥራል። ይህ ጊዜ ቲ1 ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ቲ1 ባጠረበት ቦታ ሰንሰለቶቹ ቀንሰዋል ማለት ነው፤ ልኬቱም በቀለማት ተለይቶ በልም አጥንቱ ምስል ላይ ይሳላል። ለዚህ ምርመራ የሚወጋው ከተለመደው መጠን እጥፍ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.2 ሚሊሞል ሲሆን፣ ታካሚው 10 ደቂቃ ያህል ተራምዶ ውህዱ ወደ ልም አጥንቱ ጥልቀት እስኪሰርግ 90 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ጤነኛው ልም አጥንት ባለ ቻርጁን እንግዳ ከደጅ መመለሱ ተለክቶ ምስል መሆኑን ሳነብ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ቻርጅ የማስተምረው ነገር በራሴ ጉልበት ውስጥ መኖሩ ገረመኝ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሬዲዮሎጂስቱን፣ ማለትም ምስሉን የሚያነቡትን ሐኪም፣ «ለምን ይህኛው አይደረግልኝም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በትዕግሥት አስረዱኝ። ዘዴው በዋናነት የምርምር መሣሪያ ሆኖ የቆየ ነው፤ የተለየ ሶፍትዌርና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ እጥፍ መጠን ይወጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ የእኔን ጥያቄ አይመልስም፤ ሐኪሜ ማወቅ የፈለጉት የሰንሰለቶቹን መጠን ሳይሆን ቀዳዳና የተላቀቀ ቁራጭ መኖሩን ነውና። በዚያ ላይ ዘዴው የተመሠረተበት ጋዶፔንቴቴት እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ባሳለፈው ውሳኔ ምክንያት በአውሮፓ በደም ሥር እንዳይሰጥ ታግዷል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ ለሚሰጠው የቀጠነ መጠን ብቻ ተፈቅዶ ቀርቷል። ለእኔ የተዘጋጀው ጋዶቴሪክ አሲድ የተባለው ሲሆን አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ብቻ አለው፤ በሰፊው የሚሠራበት ጋዶቡትሮል ደግሞ ቻርጅ የለውም። በአሁኑ ጊዜ ምርምሩ ያለ መርፌ የልም አጥንትን ይዘት ወደሚለኩ፣ ቲ2 እና ቲ1ሮ ወደሚባሉ ልኬቶች እያዘነበለ መሆኑንም ነገሩኝ።

ስለ ደኅንነቱ ብዙ ወሬ ስለሚናፈስ ጥቂት ልበል። ጋዶሊኒየም የአቶሚክ ቁጥሩ 64 የሆነ ብረት ነው፤ በውህዱ ውስጥ በአዮን መልክ ሲሆን 7 ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ማግኔታዊ ጠባዩ ብርቱ ነው። ብቻውን መርዛማ ስለሆነ የሚሰጠው በሌላ ሞለኪውል ውስጥ ታስሮ ነው። የማሰሪያው ሞለኪውል በአንዳንዶቹ ክፍት ሰንሰለት፣ በሌሎቹ ዝግ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዝ አሁን ተመራጭ ሆኗል። ጋዶቴሪክ አሲድና ጋዶቡትሮል ከባለ ቀለበቶቹ ናቸው፤ ጋዶፔንቴቴት ከክፍቶቹ ነው። ውህዱ ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በኩላሊት በኩል ነው፤ ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወገዳል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኩላሊታቸው ክፉኛ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳንና የውስጥ አካላትን የሚያጠጥር ከባድ በሽታ ከጋዶሊኒየም፣ በተለይም ከአንዳንድ ክፍት ሰንሰለት ካላቸው ውህዶች ጋር መያያዙ ታውቋል። ከመወጋት በፊት ክሬያቲኒን የተባለው የደም ምርመራ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሐኪሞች በብርቱ ጥንቃቄ ይመዝናሉ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ሰዎች ሳትጠየቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጥቂት ብረት ኩላሊታቸው ጤነኛ በሆኑ ሰዎችም ሰውነት ውስጥ ሊቀር እንደሚችል ይታወቃል፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ በዚህ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ባይረጋገጥም ሳያስፈልግ ላለመወጋት በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ጉዞው ልምጣ። የቀዶ ሕክምናዬ ሐኪም አዲስ አበባ ስለነበሩ ምርመራውም እዚያው እንዲሆን ወሰንን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሚያብጥ ጉልበት ደግሞ ቀላል መንገድ አይደለም። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ እግር የሚዘረጋበትን በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ጠይቁ፤ የግቤን በረሃ አቋርጦ ወልቂጤ ላይ ለምሳ ሲቆም ወርዳችሁ ተራመዱ። በደረሳችሁበት ቀን ለመመርመር አትቸኩሉ፤ ከዋዜማው ገብቶ ማደር ይሻላል። ክሬያቲኒኑን ጅማ ላይ ተመርምሬ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ አስቀድሜ ደውዬ ከሌላ ቦታ የመጣ ውጤት እንደሚቀበሉና ምን ያህል የቆየ ሊሆን እንደሚችል ጠይቄ ነበር። በዚያው ስልክ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን፣ የኮንትራስቱ ዋጋ ከምርመራው ዋጋ ጋር አብሮ ወይም ለብቻው እንደሚታሰብ፣ የጤና መድን ካላችሁም የሪፈር ወረቀቱ ተቀባይነት እንዳለው ጠይቁ። የቀዶ ሕክምናዬ ማስታወሻና የመጀመሪያው ኤምአርአይ ሲዲ በእጄ ነበሩ። ያለ ሲዲው ሬዲዮሎጂስቱ አዲሱን ከአሮጌው ማወዳደር አይችሉም፤ ያለ ማስታወሻውም ስፌቱ በምን እንደተያዘ አያውቁም ነበር።

ከመግባታችን በፊት የሚሞላ የጥያቄ ቅጽ አለ፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ከአጋሮ የመጡ አንድ በዕድሜ የገፉ የቡና ገበሬ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጁ ቅጹን በችኮላ ሁሉንም «የለም» እያለ ሲሞላ አይቼ፣ «አባቴ፣ አንድ ላይ እንየው» አልኳቸውና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። ብረት በሰውነትዎ ውስጥ አለ ወይ የሚለው ላይ ስንደርስ ዝም ብለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ጭናቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ፤ በወጣትነታቸው በውትድርና ላይ ሳሉ የገባ ፍንጣሪ ነበር። ባለሙያው ወዲያው ራጅ እንዲነሱ አደረጉ። የኤምአርአይ ማሽን በተለምዶ 1.5 ወይም 3 ቴስላ የሆነ ማግኔት ነው፤ 1.5 ቴስላው ከምድር የማግኔት ኃይል በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ ሰውም ኖረ አልኖረ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ስለዚህ ፍንጣሪ፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ማያያዣ ያለበት ሰው ካልተናገረ አደጋው ከባድ ነው። ብየዳ ቤት የሠራችሁ ሰዎች ዓይናችሁ ውስጥ የብረት ቅንጣት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ተናገሩ። እናቶች የጸጉር ማያያዣ፣ የሂጃብ መርፌ፣ የአንገት መስቀልና ክታብ ማውለቅ አለባቸው፤ የሚያብረቀርቅ ክር ያለው ጥልፍ ልብስም በቤት ቢቀር ይሻላል፣ ክሩ ብረት ከሆነ ሊሞቅ ይችላልና። ንቅሳት ያላቸውም ለባለሙያው ያሳዩ። በአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚገቡ የታይታኒየም ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ አይከለክሉም፤ ነገር ግን በአካባቢያቸው ያለውን ምስል ያበላሻሉና መነገር አለባቸው።

ምርመራው ራሱ ከፈራሁት ቀለለኝ። ነርሷ ክንዴ ላይ ቀጭን የመርፌ ቱቦ አስገብታ ኮንትራስቱን ስትሰጠኝ ክንዴን ቀዝቀዝ አለኝ፤ ሌላ ስሜት አልነበረም። አንዳንድ ሰው ለአጭር ጊዜ ማቅለሽለሽ ወይም የራስ ምታት ይሰማዋል፤ አልፎ አልፎ አለርጂ ሊነሳ ስለሚችል ማሳከክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ወዲያው ንገሩ። ከዚያ «መምህር፣ አሁን ኮሪደሩ ላይ ይመላለሱ፤ ጉልበትዎን ማጠፍና መዘርጋት አይርሱ» አለችኝ። የሚያመውን ጉልበት ማመላለስ የጭካኔ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ኮንትራስቱ ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ እንዲሰርግ ነው። ሰዎች አይተውኝ እንዳይስቁ ብዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ኋላ ግን ከእኔ ጋር የሚመላለስ ሌላ የጉልበት ታካሚ አገኘሁና ጨዋታ ያዝን። ለዚህ የሚሆን ምቹ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ።

ለጉልበት ምርመራ ወደ ማሽኑ የሚገባው በእግር በኩል ነው፤ ራስ አብዛኛውን ጊዜ በዋሻው አፍ አካባቢ ወይም ከዚያ ውጭ ይቀራል። ጠባብ ቦታ የምትፈሩ ሰዎች ይህን ብታውቁ ትረጋጋላችሁ። ጉልበቱ ኮይል በሚሉት የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ በትራስ ተደግፎ ይታሰራል። ድምፁ ይጮኻል፣ ይንቀጫቀጫል፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። ማስነሳቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሲሆን ከሁሉም የሚከብደው አለመንቀሳቀሱ ነው። ልም አጥንቱ የሚሊሜትሮች ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ መነቃነቅ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ሽንት ቤት ሄዳችሁ ግቡ፣ ጉልበቱ ሲታሰርም የማይመች ነገር ካለ ያን ጊዜውኑ ተናገሩ። ለጉልበት መጾም አያስፈልግም ብለውኝ ቁርሴን በልቼ ነበር የገባሁት፤ ከዚያ በኋላ ውሃ በደንብ ጠጣሁ።

ውጤቱን ሬዲዮሎጂስቱ በስክሪን ላይ አሳዩኝ። በሜኒስከሱ ውስጥ ያለው ነጭ መስመር በኮንትራስቱ አልደመቀም፤ ማለትም የመገጣጠሚያው ፈሳሽ አልገባበትም፤ የዳነ ጠባሳ ነው። በጉልበት ሎሚው ጀርባ ያለው የልም አጥንት ጉድጓድ በደማቅ ፈሳሽ ተሞልቶ ታየ፤ ፈሳሹ ግን ከልም አጥንቱ ሥር አልሰረገም፤ ስለዚህ የተላቀቀ ቁራጭ የለም። ያልጠበቅነው ነገርም ተገኘ፤ የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን በመጠኑ ተቆጥቶ ኮንትራስቱን አብዝቶ ወስዷል፤ የማታ እብጠቴ ምክንያት በከፊል ይህ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ግሬድ 3» የሚል ተጽፎ ነበር። አከፋፈሉ አውተርብሪጅ የተባሉ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ካወጡት የመነጨ ነው፤ ለኤምአርአይ በተስተካከለው መልኩ ግሬድ 1 የልም አጥንቱ መለስለስ ወይም የይዘት ለውጥ፣ ግሬድ 2 ከውፍረቱ ግማሽ ያልደረሰ ጉዳት፣ ግሬድ 3 ከግማሽ ያለፈ፣ ግሬድ 4 አጥንቱ እስኪገለጥ የደረሰ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ የጉዳቱ ስፋትና ያለበት ቦታም ይቆጠራል።

ሐኪሜ ቀዶ ሕክምናው እንደማያስፈልግ ነገሩኝና ወደ ጅማ መለሱኝ። እዚህ በፊዚዮቴራፒ የጭኔን የፊት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ በጥልቀት መቀመጥና መንበርከክ ቀንሻለሁ፤ ስግደቱን ለጊዜው በቆመ ጸሎት ተክቼዋለሁ፤ በክፍል ውስጥም ወንበር አስገብቼ በየመካከሉ እቀመጣለሁ፤ ተማሪዎቼ ለምደውታል። እብጠቱ ቀንሷል፣ ቁልቁለቱ ግን አሁንም ያስታውሰኛል። ሲዲውን፣ ሪፖርቱንና የኮንትራስቱን ስምና መጠን የያዘውን ወረቀት በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ወደፊት ሌላ ኮንትራስት ሲታዘዝልኝ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ነው። የክትትል ኤምአርአይ አልታዘዘልኝም፤ ጉልበቴ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ ወይም በድንገት ካበጠ ብቻ እንድመለስ ተነግሮኛል።